ያሴርኩባቸው ጎረቤት

የአማርኛ መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ከላይ ወደ ታች ይጽፉት ነበር፦ ጭብጥ፣ ታሪክ፣ ሴራ፣ ግጭት፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ አንጻር። «የልብ ወለድ አላባውያን» ይባላሉ። እኛም እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ሸመደድናቸው። ፈተና ላይ «ታሪኩ የተፈጸመበትን ጊዜና ቦታ የሚያመለክተው አላባ የቱ ነው?» የሚል ሲመጣ «ሐ» ላይ አክብበን እንወጣለን። ማትሪክ አልፌያለሁ፣ ቅሬታ የለኝም።

እነዚያ ቃላት የሰው ጉዳይ መሆናቸው የገባኝ ግን ከዓመታት በኋላ፣ የአንዲት ጎረቤታችን ቤት ቁጭ ብዬ ቡና ስጠጣ ነው። ቡናው የተጠራሁበት ነው። ለወቀሳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ (ስማቸውን አልጠራም፤ አንዴ በድያቸዋለሁ፣ ይበቃል) ሰፈራችን መግቢያ ላይ ለብዙ ዓመት ጀበና ቡና ይሸጡ ነበር። ላስቲክ የተወጠረበት ጥግ፣ ጥቂት በርጩማዎች፣ ጠርዙ የተሸረፈ ረከቦት። ባለቤታቸው አንድ ቀን ከቤት ወጥተው በዚያው ቀሩ። በዚያው ሰሞን ቡናውም ተዘጋ። እኔ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የሥነ ጽሑፍ ምሽት ሊደርስ ነው፣ የማነበው አጭር ልብ ወለድ የለኝም፣ ሰፈሬ ውስጥ ደግሞ ያለቀለት ታሪክ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ስማቸውን ቀየርኩ። ከተማውን ቀየርኩ። ረከቦቱን አልቀየርኩም። ጻፍኩት፣ አነበብኩት፣ ተጨበጨበልኝ፣ አንድ ጓደኛዬ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ከቴሌግራም እስከ እትዬ እህት ልጅ ስልክ ድረስ ለመጓዝ ሁለት ሳምንት አልፈጀበትም።

የሰውን ሕይወት ወስዶ ታሪክ ማድረግ ነውር ነው ወይ? በዚያን ቀን ሳልጠየቅ የተጠየቅኩት ይህን ነው። ዝግጁ የነበረኝ መልስ «ልብ ወለድ ነው እኮ» የሚል ነበር። ሁላችንም የምንለው ነው። ቃሉ ራሱ ያግዘናል፤ ልብ የወለደው ማለት ነው። አፈወርቅ ገብረየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው፣ በኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የተጠራው መጽሐፍ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ከዚያ ወዲህ ደራሲ ሁሉ በዚህ ቃል ይጠለላል። ከልቤ ነው የወጣው፣ የማንም አይደለም። የኔው ታሪክ ግን ከልቤ ብቻ አልወጣም። ግማሹ የወጣው ከእትዬ በር ነው፤ አባትነቱን ብቻዬን ልወስደው አልችልም።

እንዲያም ሆኖ መውሰዱ በራሱ ነውር ነው ብዬ አላምንም። ሰው ከሰው ካልወሰደ ምን ይጽፋል? ችግሩ የሚጀምረው ከወሰድን በኋላ ነው፤ ሰሌዳው ላይ የነበሩት እነዚያ ሰባት ቃላት ሥራ ሲጀምሩ።

ከሁሉ በላይ ሴራ። ቃሉን እስቲ እዩት። ከክፍል ውጭ ሴራ የሚጠነሰስ፣ የሚሸረብ፣ ሰው የሚጠለፍበት ነገር ነው። አንዳንዶች «ትልም» ይሉታል፤ ትልም ማረሻ መሬት ላይ የሚያወጣው መስመር ነው፣ ንጹሕ ቃል፣ የላብና የአፈር ሽታ ያለው። እኔ ግን ሴራ የሚለውን እመርጣለሁ። የበለጠ ሐቀኛ ነው።

መምህራችን ልዩነቱን ሲያስረዱ ታሪክ «ከዚያስ?» ለሚለው ጥያቄ፣ ሴራ ደግሞ «ለምን?» ለሚለው መልስ ይሰጣል ይሉ ነበር። ልክ ናቸው። በኔ ታሪክ እንየው። «ባሏ ጥሏት ሄደ። ቡናውን ዘጋች።» ይህ ታሪክ ነው። «ባሏ ጥሏት ስለሄደ ቡናውን ዘጋች።» ይህ ደግሞ ሴራ ነው። የተጨመረው ምንድን ነው? ሁለት ፊደል። «ስለ»። የባልየውን መሄድ ሰፈር አይቷል። የቡናውን መዘጋትም አይቷል። «ስለ»ን ግን ማንም አላየም። መንገድ ላይ ወድቃ ያገኘኋት ነገር አይደለችም፤ እኔ ነኝ ከኪሴ አውጥቼ በሁለቱ መካከል ያስቀመጥኳት።

ታሪኩ የቆመው ደግሞ በእሷ ላይ ነው። የተጨበጨበልኝ ለእሷ ነው። አሪስቶትል ስለ ትራጄዲ ሲጽፍ ሴራን ከገጸ ባሕርይ አስቀድሞ የድርሰቱ ነፍስ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ክስተቶቹም አንዱ ከሌላው በግድ፣ ወይም ቢያንስ ሊሆን በሚችል መንገድ እንዲወጡ ይፈልጋል። ለመድረክ ጥሩ ሕግ ነው። ሰው ግን ቡናውን የሚዘጋው በአንድ ምክንያት አይደለም። የስኳር ዋጋ አለ፣ የጉልበት ሕመም አለ፣ የቦታ ጣጣ አለ፣ ዝም ብሎ መሰልቸትም አለ። ሴራ ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ይመርጣል። የሚመርጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ እውነት የሆነውን ሳይሆን የሚያምረውን ነው። የስኳር ዋጋ አያስለቅስም።

እትዬ የመጀመሪያውን ስኒ ሰጥተውኝ ምን አሉ? «ጉዴን አወጣህብኝ» ይሉኛል ብዬ ነበር። ባለቤታቸው መሄዱን እኮ ሰፈር ሁሉ ያውቃል፤ ምስጢር አልነበረም። ያሉት ይህን ነው፦

«እኔ ለሱ ብዬ ነው ሥራዬን የምተው?»

ዝም አልኩ።

«ሳይሄድ ነው የዘጋሁት። ጭሱ ዓይኔን እየጨረሰው፣ ሐኪሙ ‹ከከሰል ራቂ› ብሎኝ። እሱ የሄደው ከዘጋሁ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን እንኳን አታውቅም።»

አላውቅም ነበር። ለእረፍት ስመጣ ሁለቱም ነገር ሆኖ ነው የጠበቀኝ። የትኛው እንደቀደመ አልጠየቅኩም፤ ለመጠየቅ ምክንያት አልነበረኝም፣ ምክንያቱን ይዤ ነበራ። እትዬን ያመማቸው ቤታቸው መውራቱ አልነበረም። በወንድ ምክንያት እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አድርጌ መሳሌ ነው። ሃያ ዓመት ያህል ራሳቸውን ችለው ያደሩ ሰው ናቸው። እኔ በሁለት ፊደል ያን ሁሉ ዓመት የባልየው ጥገኛ አደረግኩት።

እርግጥ ሰፈርም ሴራ ይሠራል። ሐሜት ማለት ሌላ ምን ነው? «ስለ» እየጨመሩ ማውራት ነው። ግን ሐሜት አፍ ላይ ይለዋወጣል፣ በሚቀጥለው ሰርግ ይረሳል፣ የሚያስተባብልም አይጠፋም። የተጻፈው ባለበት ቆሞ ይቀራል። «ፎርዋርድ» ይደረጋል። እትዬን በሕይወቱ አይቷቸው የማያውቅ ሰው አሁን ለምን እንደዘጉ ያውቃል።

ሁለተኛው ስኒ ላይ ሌላ ነገር መጣ፣ ይህንን ደግሞ በፍጹም አልጠበቅኩትም።

«እዚህ ስትመጣ አንቱ ትለኛለህ። እዚያ ላይ ‹እሷ› አደረግከኝ።»

ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እውነታቸውን ነው። አንጻር የሚባለውን አላባ በክፍል ውስጥ ስንማረው አንደኛ መደብ፣ ሦስተኛ መደብ፣ ሁሉን አወቅ እያልን እንከፋፍለዋለን። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን ከዚያ የሚቀድም ውሳኔ አለ፦ «ተነሳች» ልበል ወይስ «ተነሱ»? አንዳንድ ቋንቋ ይህን አይጠይቅም። የኛ ግስ ግን በየዓረፍተ ነገሩ ያስገድደናል። በልብ ወለዶቻችን ባለማዕረጉ በአንቱታ ሲተረክ፣ ሎሌውና ገረዲቱ በአንተና በአንቺ ሲተረኩ ማየት የተለመደ ነው፤ ተራኪው ሳያስበው ከማን ጎን እንደተቀመጠ ይናገራል። እኔ እትዬን «እሷ» ያልኳቸው ለጥበብ ብዬ ነው፣ አንቱታ ያርቃል፣ አንባቢ እንዲቀርባቸው ፈልጌ ነው። እንዲህ ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ግን ባንክ ቤት ሥራ አስኪያጅ ስለሆነ ሌላ ጎረቤታችን ብጽፍ ኖሮ «አለ» ለማለት እጄ ያን ያህል ይፈጥን ነበር? እንጃ።

ስለ «ሁሉን አወቅ» ካነሳን ደግሞ ስሙ ራሱ ሊያስደነግጠን ይገባ ነበር። ሁሉን አወቅ በኛ ቤት የማን ስም እንደሆነ ይታወቃል። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ላፕቶፕ ከፍቶ ያንን ወንበር ይይዛል። እኔም ያዝኩት። እትዬን ሌሊት አስነሳኋቸው፣ ጀበናውን አቅፈው እንዲያለቅሱ አደረግኩ፣ በልባቸው «ያላንተ ምን ቀረኝ» አስባልኳቸው። እሳቸው እንደሚሉት ግን ያን ሰሞን ማታ ማታ የሚያሳስባቸው የእህታቸው ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር።

ታዲያ ምን ይሻላል? የሰው ውስጥ አይታወቅምና ከውጭ ብቻ እንጻፍ? አንድ ሰሞን እንደዚያ አስቤ ነበር። አሁን አላስብም። ሁለት ጥፋት አለ፦ ለሰው ያልነበረውን ሐሳብ መስጠት፣ እና ለሰው ምንም ሐሳብ አለመስጠት። ሁለተኛው ይብሳል ባይ ነኝ። የመጀመሪያውን ባለቤቱ ሊያርመው ይችላል፤ እትዬ «እንደዚያ አላሰብኩም» ብለው ጠርተውኛል። ምንም ሳያስብ የተጻፈ ሰው ግን ምኑን ያርማል? ስኒ ይዞ ገብቶ፣ ስኒ ይዞ ወጥቷል።

መቼትን የማነሳው ለዚህ ነው። መቼና የት ተጋብተው የወለዱት ቆንጆ ቃል ነው። ፈተና ላይ ቀላሉ ጥያቄ ይህ ነበር። ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ ግን እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር ይህችን ቀላል አላባ የክስ መዝገብ አደረጋት። የተከሰሰው የጆሴፍ ኮንራድ «ኸርት ኦፍ ዳርክነስ» ነው። የአቼቤ ክስ ባጭሩ፣ መጽሐፉ አፍሪካን የአንድ አውሮፓዊ አእምሮ የሚናጋበት መድረክ አድርጓታል፣ በውስጧ ያሉትን ሰዎችም ከዛፉና ከወንዙ ጋር ደምሮ የመድረኩ ዕቃ አድርጓቸዋል የሚል ነው። ሰው ገጸ ባሕርይ መሆን ሲገባው መቼት ሆነ።

ይህን ስናነብ እናጨበጭባለን፣ ምክንያቱም የተበደልነው እኛ ነን። እስቲ የራሳችንን ድርሰቶች እንክፈት። በር የሚከፍተው ዘበኛ። ቡና የምታፈላውና «እሺ» ብላ የምትወጣው የቤት ሠራተኛ። ካፌ ደጃፍ ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ምን ያህል ሩኅሩኅ እንደሆነ እንዲታይ ብቻ እጁን የሚዘረጋው ልጅ። የኛ የራሳችን መቼቶች ናቸው። ሁሉም ሰው ዋና ገጸ ባሕርይ ይሁን እያልኩ አይደለም፣ እንደዚያ ልብ ወለድ አይጻፍም። ግን ማንን መቼት እንዳደረግን ብናውቀው አይከፋም።

ሐዲስ አለማየሁን የማደንቃቸው እዚህ ላይ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሁላችንም የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ብለን ነው የምናውቀው፤ ብዙዎቻችንም ከመጽሐፉ በፊት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው የደረሰን። መጽሐፉ ግን የሚጀምረው ከባላባቱ አዳራሽ አይደለም። ማንኩሳ ላይ፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ፣ ከበዛብህ ወላጆች ይጀምራል። ቸኩሎ የሚጽፍ ሰው «የድሃ ልጅ ነው» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልፋቸውን ሰዎች ሐዲስ አግብተው፣ አስወልደው፣ ልጁን ለምን ለቤተ ክርስቲያን እንደተሳሉት አሳይተው ነው ወደ ፍቅሩ የሚሄዱት። ፊታውራሪ መሸሻም እንዲሁ። ሴራው የሚፈልገው አንድ እንቅፋት የሚሆን አባት ብቻ ነበር። የተሰጠን ግን በዘሩ ኩራት የታወረ፣ ለልጁ የሚመጥን ባል አጥቶ ዕድሜዋን የሚያሳልፍባት፣ በራሱ ሚዛን ግን ሁልጊዜ ትክክል የሆነ ሰው ነው። እየጠላነው እንረዳዋለን። ግጭት የሚባለው አላባ ዋጋ የሚኖረው ሁለቱም ወገን ምክንያት ሲኖረው ነው፤ የኔ ታሪክ ውስጥ ባልየው ምክንያት አልነበረውም። ጫማውን አድርጎ ወጣ፣ አለቀ። ስለ እሱ ማንም አልወቀሰኝም፣ እትዬም ጭምር። እኔ ግን አሁንም አስበዋለሁ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሳወራ «በዓሉ ግርማስ?» ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በዓሉ በሕይወት ካሉ ሰዎች ይወስድ እንደነበር የሚታወቅ ነው፤ «ደራሲው» ውስጥ ስብሐት ገብረእግዚአብሔርን ያዩ አንባቢዎች ብዙ ናቸው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው «ኦሮማይ» ደግሞ የቀይ ኮከብ ዘመቻን በጋዜጠኛው በፀጋዬ ኃይለማርያም ዓይን ሲተርክ፣ የዘመኑ ሰዎች ባለሥልጣናቱን አንድ በአንድ ለይተዋቸዋል። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ሥራውን አጣ። በ1976 ዓ.ም. የካቲት ላይ ተሰወረ፤ እስከ ዛሬ የት እንደደረሰ በይፋ የነገረን የለም።

እና እሱም የሰው ሕይወት ወስዷል፣ እኔም ወስጃለሁ፣ እኩል ነን? አይደለንም። የሚለየን ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው። እሱ የጻፋቸው ሰዎች ሚኒስቴር፣ ማተሚያ ቤትና እስር ቤት በእጃቸው ነበር፤ ታሪኩ ካልጣማቸው መልስ መስጫ አላቸው፣ ሰጥተዋልም። የከፈለው ጸሐፊው ነው። እኔ የጻፍኳቸው ሴት መልስ መስጫቸው ሁለት ስኒ ቡና ነበር። የከፈሉት እሳቸው ናቸው፣ ጭብጨባው የኔ። ይህ ማለት ስለ ደካማ አንጻፍ ማለት አይደለም፤ እንደዚያማ ከሆነ ድሃ ተመልሶ መቼት ይሆናል። ግን ወደ ታች ስንጽፍ እጃችን ሊከብድ ይገባል፣ ወደ ላይ ስንጽፍ የሚቀለውን ያህል። አብዛኞቻችን ግን በተቃራኒው ነን። ሚኒስትር ላይ ስንደርስ ብዕራችን ይጠነቀቃል።

ጭብጥ ይቀረኛል። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፣ ምክንያቱም ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። የኔ ጭብጥ የወንድ ጭካኔ ነበር። እውነቴን ነው፣ ለሴቶች ተቆርቋሪ ነኝ ብዬ ነው የጻፍኩት። ባልየው ጨካኝ እንዲሆን ግን እትዬ መሰባበር ነበረባቸው፤ ያልተሰበረች ሴት ለጭብጤ አትመችም። ስለዚህ ሰበርኳቸው። በጎ ዓላማ ሰው ሲበላ እንዲህ ነው። ቲክቶክ ላይ ዋሽንት ከሥሩ ተለጥፎበት የሚለቀቀውን የችግረኛ ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር የራሴን እጅ አየዋለሁ። ካሜራው እንባው እስኪመጣ ይጠብቃል። ሰውዬው ከዚያ በፊት ቀልድ ተናግሮ ቢሆንስ? ይቆረጣል።

ያን ቀን ሦስተኛው ስኒ ላይ «ላጥፋው?» አልኳቸው።

«አሁን ብታጠፋው ‹እውነት ሆኖባት ነው› ይላሉ። አስተካክለው።»

ሞከርኩ። መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን አስተካከልኩ፦ ዓይናቸው ታመመ፣ ቡናውን ዘጉ፣ ከዚያ ባለቤታቸው ሄዱ። አንቱታውን መለስኩ። ለቅሶውን አወጣሁ፣ የትምህርት ቤት ክፍያውን አስገባሁ። ለዚያው ቴሌግራም ላይ ለለቀቀው ጓደኛዬ አነበብኩለት። ሲያልቅ ቀና ብሎ አየኝና «እና?» አለ። ልክ ነው። ሴራው ወልቋል። ከዘጉት ቡና ወደ ሄደው ሰው የሚወስድ መንገድ የለም፣ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፣ በቃ።

እናቴ ደግሞ ይህን ሰምታ «የምን ዓይን? ቦታውን ባለቤቱ ስለፈለገው እኮ ነው ያስነሳት» አለችኝ። እሷም «ስለ» አላት። ከሁለቱ የማን እውነት እንደሆነ አጣርቼ ላረጋግጥ እችል ነበር፤ አከራዩን አውቀዋለሁ፣ ቤቱም ሩቅ አይደለም። አልሄድኩም። ምናልባት እትዬም ስለ ራሳቸው ሕይወት ሲተርኩ የሚያምረውን ምክንያት መርጠው ይሆናል። የመምረጥ መብት ከኔ ይልቅ ለእሳቸው ይበልጣል ብዬ አሰብኩና እንደነገሩኝ ተውኩት። ይህ ለእውነት መታመን ነው ወይስ ለእሳቸው መታመን? ሁለቱ አንድ ካልሆኑ የትኛው ይቅደም? አሁንም እከራከርበታለሁ፣ በተለይ ሌላ ሰው ልጽፍ ስቀመጥ።

አዲሱ ታሪክ እዚያው ቻናል ላይ ወጣ። አንባቢው ከበፊቱ በጣም ያነሰ ነበር። እትዬ ግን የእህታቸውን ልጅ አስቀምጠው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነበቧት፤ እኔም ነበርኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው ያዳመጡት። ስለ ዓይናቸው ያለው ጋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለቤታቸው የሄዱበት ጋ ምንም አላሉም። «አራት በርጩማ» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን እጃቸውን አነሱና አስቆሟት።

«አምስት ነበር» አሉ።